ነዳጅ የሚበቅለው በማሳ ነው ወይስ በአጥር?

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወርደው የአስፋልት መንገድ ደጋን ላይ ሲደርስ ሁለት ዓይነት ነዳጅ ያሳልፋል። አንደኛው ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ሽቅብ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚወጣው ቤንዚንና ናፍጣ ነው፤ በቦቴ ይጓዛል። ሁለተኛው በሴቶች ጀርባና በአህያ ወደ ገበያ የሚሄደው ጭራሮ፣ ፍልጥ፣ ከሰልና ኩበት ነው። የመጀመሪያው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ሁለተኛው የሚገዛው በመሬታችን ጉልበት ነው፤ ሒሳቡ በደረሰኝ ስለማይጻፍ ግን ማንም አይደምረውም።

አገራችን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ ብላ ከተነሣች ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗታል። ይኸውም ባዮፊውል የተባለው፣ ከዕፅዋትና ከእንስሳት ተረፈ ምርት የሚገኘው ነዳጅ ነው። ነገሩ በስብሰባና በሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚነሣ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ስሙን ሳይሰሙት አይቀሩም። ሆኖም አንድ ድርጅት ወይም አንድ ፕሮጀክት መጥቶ «መሬት ስጡን፤ ይህን ትከሉ» ሲል ማኅበሩ ምን መልስ መስጠት እንዳለበት የሚያስረዳ እምብዛም አልተጻፈም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ላይ ያተኩራል።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ኤታኖል ከስኳር አገዳ ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ ተጠምቆ የሚወጣ አልኮል ሲሆን ከቤንዚን ጋር ይደባለቃል። ባዮዲዝል ከቅባት ፍሬዎች፣ ለምሳሌ ከጉሎና ከጃትሮፋ ዘይት ተጣርቶ በናፍጣ ፈንታ የሚገባ ነው። ባዮጋዝ ደግሞ እበትና ውኃ ተደባልቀው አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሲብላሉ የሚፈጠር፣ ያለ ጭስ የሚነድ ጋዝ ነው። ሦስቱም በአንድ ስም ቢጠሩም ለገበሬው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የፋብሪካ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የመሬት ጉዳይ ነው፤ ሦስተኛው የበረት ጉዳይ ነው።

የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂን ያወጣው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነበር። ጊዜው የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ ያለ ልክ የናረበት ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ከ140 ዶላር በላይ ተሽጧል። ነዳጇን በሙሉ ከውጭ ለምታስገባ አገር ይህ ትልቅ ዕዳ ነው። ስለሆነም መንግሥት አማራጭ መፈለጉ ተገቢ ነበር። ብራዚልም ብትሆን ወደ አገዳ አልኮል ፊቷን ያዞረችው እንዲሁ የነዳጅ ዋጋ ካንገሸገሻት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው።

በስትራቴጂው ውስጥ ግን አንድ ቁጥር ነበር፤ የገበሬ ማኅበር መሪ ሊያስተውለው የሚገባ። ለባዮዲዝል ተክሎች ተስማሚ ነው የተባለው የአገሪቱ መሬት 23.3 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ተገምቶ ነበር። ይህን የሚያህል ስፋት በካርታ ላይ ሲታይ ባዶ ሊመስል ይችላል። ቦታው ላይ ሲደረስ ግን አንዱ ፍየል የሚሰማራበት ነው፤ ሌላው እንጨት የሚለቀምበት፤ ሌላው ቀፎ የሚሰቀልበት፤ ሌላው ደግሞ በበጋ ከቆላ የሚወጣ ከብት የሚያርፍበት ነው። ጠፍ መሬት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ብዙ የሆነ መሬት ነው። ይህን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው የወል ግጦሽ ሲያከራክረው የኖረው የማኅበሩ ሸንጎ ነው።

ከስትራቴጂው በኋላ ፈጥኖ ሥራ የጀመረው ኤታኖል ነበር። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ቀድሞውኑ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ኤታኖል የማምረት አቅም ነበረው። በጥቅምት 2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል መደባለቅ ተጀመረ። በኋላም 12.5 ሚሊዮን ሊትር አቅም ያለው የመተሐራ ኤታኖል ፋብሪካ ተጨምሮ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ድብልቁ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። የሁለቱ ፋብሪካዎች አቅም ተደምሮ 20.5 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። በ10 በመቶ ሒሳብ ይህ ለ205 ሚሊዮን ሊትር ድብልቅ የሚበቃ ነው፤ ያም ቢሆን ሁለቱም በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ ነው። አገሪቱ በዓመት ከምታስገባው ነዳጅ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከንቱ አልነበረም። ከሁሉም በላይ ይህን ለማግኘት አንድ ገበሬ እንኳ ከጤፍ ወይም ከማሽላ መሬቱ ላይ መነሣት አላስፈለገውም። ሞላሰሱ ስኳር ሲመረት የሚተርፍ፣ ማከማቻውና መጣያው የሚቸግር ዝቃጭ ነበር። ከተረፈ ነገር የተገኘ ነዳጅ በመሆኑ ማንንም አልተሻማም።

በቅባት ፍሬዎቹ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በርካታ የውጭ ኩባንያዎች ለጉሎና ለጃትሮፋ ልማት መሬት ጠየቁ፤ ብዙዎቹም ተፈቀደላቸው። በምሥራቅ ሐረርጌ አንድ የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ ልማት የተሰማራበት ቦታ ከባቢሌ የዝሆን መጠለያ ጋር የተደራረበ ሆኖ ተገኘና ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሣ። ጉሎውም በታሰበው መጠን ሳይደርስ ቀረ። በሌሎች ቦታዎችም ተክሉ በድርቅ ጊዜ ባይደርቅም ፍሬው እንደ ተወራለት አልሆነም። ካምፓኒ ሲመጣ የሚነገረው ገቢ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ የቀረበት ቀበሌ ጥቂት አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ወገን አለ። በወላይታ የጉሎ ዘርና ግብዓት በውል እየተሰጣቸው በገዛ መሬታቸው ላይ የዘሩ ገበሬዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ውል የገቡት ቤተሰቦች ካልገቡት ይልቅ የምግብ እጥረት ጊዜያቸው አጥሮ መገኘቱን ዘግቧል። ምክንያቱ ሲታይ የሚያስገርም አይደለም። ገበሬዎቹ ለጉሎው የሰጡት ከመሬታቸው ጥቂቱን ብቻ ነው። ማዳበሪያና የባለሙያ ምክርም ከውሉ ጋር አብሮ ደርሷቸዋል። መሬቱ በገበሬው እጅ ነበር፤ ሲያዋጣ ዘራ፣ ሳያዋጣ ተወ። ኩባንያው መሬቱን ጠቅልሎ ቢይዘው ኖሮ ይህ ምርጫ ከየት ይመጣ ነበር?

እንግዲህ ወደ አካባቢያችን እንመለስ። የደጋን ሰው ጃትሮፋን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። መንገዱን ይዞ ወደ ባቲ ቢወርድ በየእርሻው ዳርና በየእርከኑ ጠርዝ ተተክሎ ያገኘዋል። ባቲ ውስጥ ተክሉ ባዮፊውል የሚለው ቃል ከመምጣቱ አስቀድሞ የአጥር ተክል ሆኖ ነበር። በአማርኛ አይደርቄ የሚሉትም አሉ፤ ስሙ ባሕርዩን ይናገራል። ዝናብ ሲጠፋ ቅጠሉን አራግፎ ይቆያል፣ ሲዘንብ መልሶ ያለመልማል። ፍየልም ከብትም አይበሉትም። ግንዱን ቆርጠው ቢሰኩት ይጸድቃል። ጥቅጥቅ ብሎ ሲበቅል ከብት ከማሳ ያግዳል፣ ጎርፍ የሚያግዘውን አፈር ይይዛል። ለዚህ ሥራው ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባዋል። ፍሬው ከዚያ በላይ የሚመጣ ትርፍ ነው።

ጃትሮፋ ለሁሉም ቦታ አይደለም። ውርጭ አይችልም። ስለዚህ ደሴ ዙሪያ ከፍ ባለው ደጋ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ጉልበት ማባከን ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ታች፣ በደጋን ሞቃታማ ክፍልና በባቲ በኩል ግን ይስማማዋል። በዘር የበቀለው ሥሩን ወደ ታች ስለሚሰድ እርከን ለማጠንከር ይበልጣል። በቁርጥራጭ የተተከለው ቶሎ አጥር ይሆናል፤ ሥሩ ግን ወደ ጎን የሚሄድና ጥልቀት የሌለው ነው። ጥሩ ፍሬ ለመስጠትም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈልጋል። በዓመቱ ፍሬ ትሸጣላችሁ የሚል ካለ ተክሉን አያውቀውም፤ ወይም ያውቀዋል።

የተክሉ ዋና ችግር የሚባለው አንድ የተሳሳተ እምነት ነው። ይኸውም በድንጋያማና በደከመ መሬት ላይ ያለ ውኃ ያለ ፍግ ብዙ ፍሬ ይሰጣል የሚለው ነው። በዓለም ዙሪያ ኩባንያዎችን ያሳሳተው ይህ ነው። በደከመ መሬት ላይ አለመሞትና በደከመ መሬት ላይ ማፍራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጃትሮፋም እንደማንኛውም ሰብል ፍሬ የሚሰጠው በተንከባከቡት መጠን ነው። ውኃና ፍግ ከሰጠነው ደግሞ ውኃውና ፍጉ ለማሽላ ቢሰጥስ ኖሮ የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ማሊ ውስጥ አንድ ሜትር የጃትሮፋ አጥር በዓመት አንድ ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ፍሬ እንደሚሰጥ ተመዝግቧል። በእጅ መጭመቂያ አንድ ሊትር ዘይት ለማውጣት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ፍሬ ያስፈልጋል። አንድ ገበሬ 100 ሜትር አጥር ቢኖረው በደህና ዓመት ወደ 20 ሊትር ዘይት ያገኛል ማለት ነው፤ አንድ ጀሪካን። ለአንድ ቤት መናቅ የለበትም። ነገር ግን በደጋን ከሚያልፉት ቦቴዎች መካከል 40 ሺህ ሊትር የሚጭነውን አንዱን ለመሙላት 200 ኪሎ ሜትር አጥር ሙሉ ዓመት ማፍራት ይኖርበታል። ይህን የምንለው ለማፌዝ አይደለም። የአጥር ፍሬ የአገርን ናፍጣ የሚተካ ሳይሆን የቤትን ወጪ የሚደጉም መሆኑ ከመጀመሪያው እንዲታወቅ ነው።

ጀሪካኗ ዘይት ለምን ትውላለች? ዘይቱ ከላምባ ይልቅ ወፍራም ስለሆነ በተራ ኩራዝ ክር ላይ በደንብ አይወጣም። አሁን ደግሞ የፀሐይ መብራት በየገጠሩ ስለገባ ለመብራት ብሎ መልፋቱ ብዙም አያዋጣም። ለሳሙና ግን ጥሩ ነው። ጥቂት ሴቶች ተደራጅተው መጭመቂያውን በጋራ ቢይዙ ሳሙናው በባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ገዢ ለማግኘት ከነዳጅ ይቀለዋል። ከጭማቂው የሚተርፈው ፋጎ ለከብት መኖ አይሆንም፤ መርዝ አለበት። ለመሬት ማዳበሪያ ግን ይሆናል። እዚህ ላይ ማኅበሩ አጥብቆ ሊያስታውቅ የሚገባው ነገር አለ። የጃትሮፋ ፍሬ ለውዝ ይመስላል፤ ጣዕሙም አያስጠላም። ሕፃናት በልተውት ክፉኛ ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ግቢና ሕፃናት ከሚጫወቱበት ቦታ አጠገብ መትከል አይገባም።

ወደፊት ባዮዲዝል የሚል ድርጅት ዳግም ቢመጣስ? መምጣቱ አይቀርም፤ የነዳጅ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ሐሳቡ ይቀሰቀሳል። የማኅበሩ ኮሚቴ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ፍሬውን ማን፣ የት፣ በስንት ይገዛዋል የሚለውን ነው፤ ዋጋውም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። የሚጨምቀው ፋብሪካ የት እንዳለ ይነገረን፤ ገና የሚሠራ ከሆነ ተክሉ ፋብሪካውን ይጠብቅ እንጂ ገበሬው ፋብሪካውን አይጠብቅ። ድርጅቱ ቢከስር መሬቱ ወደ ማን ይመለሳል? በሦስትና በአራት ዓመቱ የመጠበቂያ ጊዜ ገበሬው ምን ይበላል? የሚፈለገው መሬት የወል ግጦሽ ከሆነ ከብቱና ፍየሉ የት ይሰማራሉ? እነዚህን ሁሉ የሚመልስ ቢኖር እንኳ በዚህ ዘጋቢ አስተያየት መልሱ አጥር ለመሸጥ እንስማማለን፣ ማሳ ግን አንሰጥም መሆን አለበት። ጠቅላላው መሬቱ አንድና ሁለት ጥማድ በሆነበት በቃሉ ወረዳ ገበሬ ላይ የነዳጅ ሰብል መሞከር በልጆች ሌማት ላይ መሞከር ነው።

አሁን ወደ በረቱ እንምጣ፤ ለእኛ የሚበጀው ባዮፊውል እዚያ ነውና።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የከተማው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። የገጠሩ ምድጃ ግን ከሦስት ጉልቻ አልወረደም። ደን በተመናመነበት በወሎ ምድር እንጨት ሲጠፋ ወደ ምድጃው የሚገባው ኩበትና የማሽላ አገዳ ነው። አገዳው የከብቱ መኖ ነበር። እበቱ የመሬቱ ምግብ ነበር። እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ አፈርን የሚያለሰልሰው ብስባሽም ይቃጠላል። የሚተርፈው አመድ ነው። በዚያው ዓመት ገበሬው ያንኑ ናይትሮጅን በዩሪያ ስም በጆንያ ይገዛል። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ባሻቀበ ጊዜ የዚህ ነገር ምሬት በየቤቱ ተሰምቷል። በአንድ በኩል ማዳበሪያ እያቃጠልን በሌላ በኩል ማዳበሪያ ተወደደ እንላለን።

ባዮጋዝ ይህን ክር የሚፈታው እበቱን ሁለት ጊዜ ስለሚያሠራው ነው። አንድ ጊዜ ለምድጃ፣ አንድ ጊዜ ለማሳ። በማብላያው ውስጥ ጋዙ ወጥቶ ናይትሮጅኑ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩ በቦይ ወደ ጓሮ አትክልት ሊለቀቅ ይችላል፤ ከገለባ ጋር ተደርቦ ኮምፖስት ሊሆንም ይችላል። በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንዲደርቅ ከተተወ ግን ያ የተጠበቀው ናይትሮጅን ይተናል፤ ስለዚህ ጥላ ሥር ማቆየት ያስፈልጋል።

ቴክኖሎጂው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ማብላያ የተሠራው አምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ውስጥ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ በየቦታው የተሠሩት አብዛኞቹ ግን ሥራ አቁመው ተገኙ። አንዱ ውኃ አጥቶ፣ ሌላው ከብቱ ተሽጦ፣ ሌላው ቧንቧው ተሰብሮ የሚጠግን ጠፍቶ። ከዚህ ትምህርት ተወስዶ በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ተጀመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ማብላያ ለመሥራት ታቅዶ እስከ 2006 ዓ.ም. የተሠራው 8 ሺህ ያህል ነበር። ከዕቅድ በታች ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት በነበሩት አምሳ ዓመታት በአገሪቱ ሁሉ ከተሠራው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሥራውም በኋላ ምዕራፎች ቀጥሏል። የወጪው ከፊል በድጎማ፣ ከፊሉ በብድር፣ የቀረው በገበሬው ጉልበት፣ ድንጋይና አሸዋ የሚሸፈንበት መንገድ ነበር የተያዘው።

አሁንም ሒሳብ። ለአነስተኛው ማብላያ በቀን 20 ኪሎ ያህል ትኩስ እበት ያስፈልጋል። ማታ በረት ከሚገቡ አራት ከብቶች ይገኛል፤ ቀኑን ሙሉ በግጦሽ የሚውል ከብት እበቱን ሜዳ ላይ ስለሚጥለው አራት ከብት ያለው ሁሉ 20 ኪሎ አለው ማለት አይደለም። እበቱ ከእኩል ውኃ ጋር ይበጠበጣል፤ 20 ሊትር፣ እንደገና አንድ ጀሪካን። ከአንድ ኪሎ እበት ከ35 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይገኛል። ስለዚህ የቀኑ ጋዝ 700 ወይም 800 ሊትር ይሆናል፤ አንዱን ምድጃ ሁለት ሰዓት ያህል ያነድዳል። ወጥ ይሠራል፣ ሽሮ ይፈላል፣ ቡና ይፈላል። ለእናቶች ዓይንና ደረት ይህ ሁለት ሰዓት ያለ ጭስ ማለት ነው።

እንጀራስ? ጥያቄው ወሳኝ ነው፤ ባዮጋዝ ገብቶ ሳለ ሴቶች ጭራሮ ለመልቀም መሄዳቸውን ያላቆሙበት ምክንያት ይኸው ነውና። በገጠር ቤት ለምግብ ማብሰያ ከሚነድደው ነዳጅ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለምጣድ ነው። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ እሳቱ መሐል ለመሐል ስለሚሰበሰብ ምጣዱን ዳር እስከ ዳር አያግለውም። ለእንጀራ የሚሆን የባዮጋዝ ምጣድ ተሠርቶ ተሞክሯል፤ ነገር ግን ብዙ ጋዝ ስለሚወስድ አራት ከብት ብቻ ላለው ቤት አይበቃም። ስለሆነም ማብላያ ያስገባ ቤት ለእንጀራው ምርጥ ምድጃ የተባለውን፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚቀረጸውን ማስገባት አለበት። ይህ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ማብላያ ለማስገባት አቅም የሌለው ቤት ደግሞ ከዚህ ቢጀምር ምንም አያጣም። ዋጋውም ከማብላያ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ማብላያ ለማን እንደሚሰጥ መወሰን የማኅበሩን መሪዎች ከጎረቤት ጋር የሚያጋጭ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ድጎማ ሲባል ሁሉም ስሙን ያስመዘግባል። ነገር ግን ውኃ ደርሶ መልስ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚርቀው ቤት በክረምት ቢጠቀም እንኳ በሚያዝያ ማብላያው ይደርቅበታል፤ ሴትየዋም ለመጠጥ ያመጣችውን ጀሪካን ለጉድጓድ አትደፋም፤ ልትደፋም አይገባም። ከብት ለሽያጭ ብቻ የሚያደልብ ቤትም በረቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ባዶ ስለሚሆን አይመከርም። የሁለትና የሦስት ጎረቤት የጋራ ማብላያ በወረቀት ላይ ያምራል። እበቱን ማን እንዳመጣና ጋዙን ማን እንደጨረሰው መጣላት ሲጀመር ግን ሽማግሌ ያደክማል። ከብት የሌላቸው መበለቶችና መሬት ያላገኙ ወጣቶች ከዚህ ሥራ እንዳይቀሩ ማድረግ የሚቻለው በሌላ መንገድ ነው። ወጣቶቹ ግንበኝነቱንና ጥገናውን ይማሩ። የተሠራ ማብላያ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ብልሽት አይደለም፤ በአንዲት የምታፈስ ቧንቧና በአንዲት ባረጀች ጎማ ነው። በሰፈር ውስጥ መፍቻ የሚይዝ ሰው ከሌለ ጥገናው ከወረዳ እስኪመጣ ባለቤቱ ወደ ጉልቻው ይመለሳል።

ደጋን ከደሴ ዙሪያ ደጋ የሚሻልበት ነገር በዚህም አለ። እበት የሚብላላው በሙቀት ነው። በደጋው ብርድ ጋዙ ያንሳል፤ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት። በእኛ በኩል ግን ፀሐይዋ ሥራውን ታግዛለች። የሚጎድለን ውኃ ነው። በመሆኑም ማብላያ የሚሠራበት ቤት ሲመረጥ የምንጭ ማጎልበትና የጣሪያ ውኃ ማጠራቀሚያ ሥራ ካለበት ሰፈር ቢጀመር ይበጃል። የሁለቱ ሥራዎች ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ በተለያየ ቀን ወደ አንድ መንደር ይመጣሉ። አንድ ላይ ማስቀመጥ የሚችለው ማኅበሩ ነው።

የጊዜው ነገር እንዲህ ነው። የማብላያ ጉድጓድ የሚቆፈረውና ግንቡ የሚሠራው መኸሩ ከገባ በኋላ፣ ከጥር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሆን ጉልበትም ይገኛል፣ ጉድጓዱም ውኃ አይቋጥርም። መጀመሪያ ሲሞላ ከዕለቱ መጠን በብዙ የሚበልጥ እበት ስለሚፈልግ፣ ቆፋሮው ሲጀመር ኩበት መጠፍጠፍ ቀርቶ እበቱ በጥላ መጠራቀም አለበት። ለአጥር የሚሆነው የጃትሮፋ ቁርጥራጭ ደግሞ ቅጠሉን ባራገፈበት በበጋው ማብቂያ ተቆርጦ ጥቂት ቀን በጥላ ይደርና ከክረምቱ ዝናብ አስቀድሞ ይሰካል። በዘር የሚተከለው ግን በችግኝ ጣቢያ በፕላስቲክ ሦስት ወር ያህል ስለሚቆይ፣ ሐምሌ ላይ ለእርከን የሚፈልገው ማኅበር ዘሩን በሚያዝያ ማስገባት ይኖርበታል።